ለይላ ያን ጁምዓ ለምን እንደሮጠች

ይድረስ ለውድ ታላቅ እህቴ ለእታለም ቶይባ፤ ጅዳ።

አሰላሙ ዐለይኩም እታለም። የአላህ ሰላም ካንቺ ጋር ይሁን፤ ስትተኚም ስትነሺም፣ ከማዳም ቤት ስትወጪም ስትገቢም። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ የወገብ ሕመምሽ ተሻለሽ ወይስ ዛሬም ደረጃ ስትወለውዪ ይይዝሻል? ሙቀቱስ በረድ አለላችሁ? የማዳም አመልስ እንዴት ነው? እንቅልፍሽን በወጉ ትተኛለሽ? ሁሉንም አንድ በአንድ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ በስልክ ስጠይቅሽ "ደህና ነኝ" ብለሽ ትዘጊብኛለሽና።

እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እናታችን ከጉልበታቸው በቀር ምንም አልሆኑም። ለይላ ደህና ናት፤ ቁመቷ ተመዞ ቀሚሶቿ ሁሉ ጉልበቷ ላይ ቀርተዋል። እኔም ከፍርሃት በስተቀር ደህና ነኝ። ፈሪነቴን ታውቂዋለሽ፤ ልጆች ሳለን ዶሮ ክንፏን ስታራግፍ የምጮኸው እኔ፣ እየሳቅሽ የምትይዢኝ አንቺ ነበርሽ። አሁን ግን የምፈራው እኔ ብቻ አይደለሁም፤ አገሩ ሁሉ ፈርቷል። እኔ አስቀድሜ ስለለመድኩት ከሰው ትንሽ ሳልሻል አልቀርም።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ባለፈው ቅዳሜ ደውለሽ ያለቀስሽው ለቅሶ ነው። "ልጄ ረስታኛለች፤ አይታኝ ሸሸችኝ፤ ሁለተኛ እንዳታሳዩኝ፣ አንጀቴ አይችልም" አልሽ። ላስረዳሽ አፌን ስከፍት መስመሩ ተቆረጠ፤ መልሼ ብደውል አታነሺም። ደግሞም ነገሩ በስልክ የሚነገር አይደለም፤ በስልክ ማን እንደሚሰማ ማን ያውቃል? የመርሳዋ ሂሩት ዕረፍቷን ጨርሳ ወደ ጅዳ ልትመለስ ስለሆነ ወረቀቱን በእጇ እሰድልሻለሁ። በአላህ ይዤሻለሁ፣ እስከ መጨረሻው አንብቢው። ለይላ አልሸሸችሽም። የሆነውን ከሥሩ ልንገርሽ።

እንደምታውቂው ከሰኔ ወዲህ ግራና ላይ ዳታ የሚባል ነገር ጠፍቷል። ድምፅ ግን አንዳንዴ ይገኛል። አንቺና እኔ በድምፅ ሰላም እንባባላለን፤ ለእናታችንም ድምፅሽ ይበቃቸዋል። ለለይላ ግን ድምፅ ምኗ ነው? ያ ትኩሳት ጆሮዋን ከዘጋው ወዲህ አንቺ ለእሷ ፊትና እጅ ነሽ። ቪዲዮው በነበረ ጊዜ በጣትሽ ስትቆጫት፣ በቅንድብሽ ስታስቂያት፣ እኔና እናታችን የማይገባንን ወሬ ሁለታችሁ ስታወሩ ትውሉ ነበር። ቪዲዮው ሲጠፋ አንቺ ከእሷ ዓለም ጭልጥ ብለሽ ጠፋሽ።

መጀመሪያ ላይ በየቀኑ ስልኬን እያመጣች የሻሿን ጫፍ አገጯ ሥር ትይዝ ነበር፤ በቤታችን ቋንቋ "እናቴ" ማለት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ቆየት ብሎ አልፎ አልፎ ሆነ። ጳጉሜ ላይ የመንደራችን ልጅ የዓሪፍ እናት ሞቱ። ለይላ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሴትዮዋን ተሸክሞ ሲሄድና ባዶ እጁን ሲመለስ አየች። ከዚያ በኋላ መጠየቋን ተወች። አንድ ቀን ብቻ ስልኩን አሳየችኝ፣ የሻሿን ጫፍ ያዘች፣ ከዚያ መሬቱን ጠቆመች። ራሴን ነቅንቄ "የለም፣ የለም" አልኳት። እሷ ግን ትልቅ ሰው የሚዋሽ ልጅ እንደሚያይ አየችኝና ሄደች። ልጅቷ በሕይወት ያለች እናቷን በልቧ ልትቀብር ነው ብዬ ያን ጊዜ ፈራሁ። ከፍርሃቴ ሁሉ ይህ በለጠብኝ። ፊትሽን ካላሳየኋት በቀር የሚያሳምናት ነገር አልነበረም።

በሂሩት እጅ የላክሽው ላፕቶፕ ትዝ ያለኝ ይኼኔ ነው። የማዳም ልጅ የጣለው፣ ካሜራው ደህና የሆነ፣ ሲከፈት ግን የሚያቃስት። የኔ ስልክ ደግሞ የመስኖ ቦይ ውስጥ ከወደቀ ወዲህ መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ ካሜራውም ሞቷል፤ የቀረው ሙያ ኔትወርክ መሳብ ብቻ ነው። ስልኩ ኢንተርኔቱን ቢስብ፣ ላፕቶፑ ፊታችሁን ቢያገናኝ፣ ከሁለት በሽተኛ አንድ ጤነኛ ይወጣል ብዬ አሰብኩ።

ወልድያ ወሰድኩት። መንገዱን አትጠይቂኝ። ላፕቶፑን በፎጣ ጠቅልዬ ቅርጫት ውስጥ ከብርቱካን ሥር ደበቅሁት። ከደበቅሁት በኋላ ደግሞ "ለምን ደበቅሽው?" ቢሉኝስ ብዬ ሚኒባሱ ውስጥ ሳወጣ ሳስገባ፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ "ልጄ፣ ሕፃን ነው እንዴ የያዝሽው?" አሉኝ። ኬላው ላይ ብርቱካኑን ብቻ አይተው አሳለፉኝ። እኔ ግን ወልድያ እስክገባ ቅርጫቱን ከእቅፌ አላወረድኩም።

መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግን ገዛኸኝ የሚባል ሰው አለ። ላፕቶፑን አገላብጦ አይቶ "ይኼ አርጅቷል፤ ዊንዶውስ መሸከም አይችልም፤ ሊኑክስ የሚባል ቀለል ያለ ነገር ልጫንበት" አለኝ። ደንግጬ ሳየው ሳቀብኝ። ጫነበት፤ እውነትም ማቃሰቱን ተወ። ከግድግዳው በሚመጣ ሽቦ አገናኝቶ ኢንተርኔት ሲከፍትልኝ በደስታ እጁን ልስም ምንም አልቀረኝም። አመስግኜ ወጣሁ። ሁለታችንም የረሳነው ነገር ግራና ቤታችን ግድግዳ ላይ ሽቦ አለመኖሩን ነው።

እቤት ገብቼ የስልኬን ዋይፋይ ፈልግ ብዬ ባዘው ላፕቶፑ ዋይፋይ የሚባል ነገር ሰምቶም አያውቅ። ምልክቱ እንኳ የለም። ገዛኸኝ ጋ ደወልኩ። ሲጠይቀኝ ስመልስ ቆይቶ ገባው፤ የላፕቶፑ የዋይፋይ ዕቃና አዲሱ ሊኑክስ አይግባቡም፣ ድራይቨር የሚባል አስተርጓሚ ፕሮግራም ያስፈልጋቸዋል አለኝ። ከየት ይመጣል ብዬ ስጠይቀው ከኢንተርኔት አለኝ። ወላሂ፣ ቁልፉን ሳጥን ውስጥ ቆልፎ ሳጥኑን ክፈቺ ማለት ነው። ወልድያ እንዳልመለስ መንገዱ በዚያው ሰሞን ተዘጋ። "አብሽሪ" አለኝ፤ ክርስቲያን ቢሆንም የወሎ ልጅ አይደል። ስልኩን በቻርጀሩ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር እንዳገናኘው፣ ኢንተርኔቱ በገመዱ እንደሚያልፍ፣ ድራይቨሩ አንዴ ከተጫነ በኋላ ግን ገመድ እንደማያስፈልግ፣ ስልኩን ከፍ ያለ ቦታ ሰቅዬ እኔ ቤት ውስጥ መቀመጥ እንደምችል አስረዳኝ። እኔን የገዛኝ ይኼ የመጨረሻው ቃል ነው። ቤት ውስጥ፣ ጣራ ሥር!

ጣራ ለምን እንደናፈቀኝ ልንገርሽ፤ ስለ ሰማዩ በስልክ አንስቼብሽ አላውቅም። ከላይ የሚያንዣብብ፣ ውስጡ ሰው የሌለበት ነገር አለ፤ ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ድምፁ መጀመሪያ ንብ ይመስላል፣ እያደር ወፍጮ ይሆናል። ሲሰማ ሰው ከማሳው ይሮጣል፣ ገበያ ይበተናል። እኛ መንደር ላይ አንድም ቀን የወደቀ ነገር የለም፣ ይመስገነው። ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው፤ የሌላውን አገር ወሬ ሰምተን ባጃጅ ከሩቅ ሲመጣ እንኳ እንደነግጣለን። ሰው ስልክ ይዞ ገላጣ ላይ መቆም ትቷል። እና እታለም፣ ያን ድምፅ መንደሩ ሁሉ ሲሰማ የማትሰማው አንዲት ነፍስ ብቻ ናት። እሷም አደራሽ ናት፣ በእጄ ያለችው።

ስለዚህ እሷን በሩቅ የምጠራበት ዘዴ አበጀሁ። ትንሿን የእጅ መስታወቴን ከደረቴ አልለያትም። ፀሐይ ይዤ ብርሃኑን እግሯ ሥር ስጥለው ዞር ትላለች። እናታችንም ተለማምደውት ከደጃፍ ሆነው ለምሳ ይጠሯታል። ለእኛ እንደ ስሟ ሆኗል፤ ሌላው ሰው ግን አያውቀውም ነበር።

ዳታ የሚገኘው ከመንደሩ በላይ ያለው ጉብታ ላይ ነው፤ ወደ መርሳ አቅጣጫ ገላጣ ስለሆነ። ድሮ ወጣቱ እዚያ ተደርድሮ ይውል ነበር፤ አሁን የሚወጣበት የለም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ላፕቶፑን አዝዬ ወጣሁ። እናታችን ለቅሶ ሄደው ስለነበር ለይላን የምተውላት ሰው አጣሁና ይዣት ሄድኩ። ግራሩ ሥር ተቀመጥኩ፣ ስልኩን በገመድ አገናኘሁ፣ ገዛኸኝ የነገረኝን ቃል አንድ ጥቁር መስኮት ላይ ፊደል በፊደል እየለቀምኩ ጻፍኩ። የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ስጽፍ ምንም አይታይም! ነጥብ የለ፣ ኮከብ የለ። ቁልፎቹ ሞቱ ብዬ ደጋግሜ ብደበድባቸው ተሳስተሻል አለኝ። ላብ በላብ ሆኜ ገዛኸኝ ጋ ብደውል "ሊኑክስ የይለፍ ቃል ሲጻፍ አያሳይም፤ አምነሽ ጻፊ" ብሎ ዳግመኛ ሳቀብኝ። የማላየውን ነገር አምኜ ጻፍኩ፤ ተቀበለኝ። ድራይቨሩ እየተንቀረፈፈ መውረድ ጀመረ።

ግማሽ ሳይደርስ ንቡ መጣ። በመጀመሪያ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ከዚያ ከታች ማሽላው ውስጥ ያሉት ሰዎች ሲሮጡ አየሁ፤ ዓሪፍም ወፍ ከሚጠብቅበት ማማ ተወርውሮ ወረደ። ዞር ስል ለይላ አጠገቤ የለችም። ራቅ ብላ ገላጣው ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ አበባ ትለቅማለች። "ለይላ!" ብዬ ጮኽኩ። ጆሮ ለሌላት ልጅ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኽኩ እታለም። ልሩጥ ብል እግሬ ከመሬት ጋር የተሰፋ ይመስል አልንቀሳቀስ አለኝ። የታዘዘልኝ እጄ ብቻ ነው። መስታወቱን አውጥቼ ፀሐይ ያዝኩ። ስቸኩል ብርሃኑ አንዴ ዛፉ ላይ፣ አንዴ ማሽላው ላይ፣ አንዴ ወደ ሰማይ ይዘላል። በስንት መከራ እግሯ ሥር ወደቀላት። ዞረች፣ ፊቴን አይታ ገባት፣ ሮጣ መጣች። ግራሩ ሥር አስተኝቼ በላይዋ ተኛሁባት። ልቧ ከደረቴ ሥር እንደ ጫጩት ይመታል። ድምፁ ከላያችን ዞሮ ዞሮ ሄደ። ምንም አልሆነም። ቀና ስል ላፕቶፑ ሥራውን ጨርሶ የዋይፋዩን ምልክት ጥግ ላይ አውጥቶ ይጠብቀኛል። እሱ ምን ገዶት!

ፍርሃቴ በዚያ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ግን ዓሪፍ ከማሽላው ውስጥ ሆኖ ያየውን አስቢው። ያ ነገር ከላይ እየዞረ፣ ሰው ሁሉ እየተደበቀ፣ አንዲት ሴት ጉብታ ላይ ኮምፒውተር ዘርግታ ወደ ሰማይ መስታወት ታበራለች። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም ሌላ ነገር አላስብም። ከሰዓት በኋላ "ኢሕሳን ለዚያ ነገር ምልክት ትሰጣለች" የሚለው ወሬ መንደሩን ሞላው። በማግስቱ እናታችን ገል ይዘው እሳት ሊጭሩ አሚና ቤት ሄዱ። ምድጃዋ እየነደደ "እሳት የለም" አለቻቸው። ስንት ዘመን እሳት የተጫጫሩ ጎረቤታሞች! ባዶውን ገል ይዘው ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሏል።

የቅሬን፣ የዚህን የመንደሩን ዕድር፣ ነገር ላንቺ አላስተምርሽም። ቅሬው ያገለለው ሰው እሳት አይጫርለትም፣ ሲታመም አይጠየቅም፣ ሲሞት ቀባሪ የለውም። እናታችን ጉልበታቸውን አቅፈው "እኔን ማን ይቀብረኛል?" እያሉ አለቀሱ። እኔ ደግሞ ሌላ ፍርሃት ነበረብኝ። ወሬው ከመንደሩ ወጥቶ መሣሪያ የያዘ ሰው ጆሮ ቢገባ፣ የማንም ወገን ይሁን፣ ቆሞ የሚጠይቀኝ አይኖርም። በር በተንኳኳ ቁጥር መጡ እላለሁ። ነፋስ ሲያንኳኳም እንዲሁ።

ሐሙስ ጠዋት ቅሬው ተጠራ። እንደ ልማዱ መቃብሩ አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር ተቀመጡ። እኔና እናታችን ለይላን እቤት ትተናት ሄድን። የቅሬው ዳኛ ሼህ ጀብሪል ዱዓ አደረጉና "ያየ ይናገር" አሉ። ዓሪፍ ተነሥቶ ያየውን ተናገረ፤ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። ሲጨርስ ወደኔ ዞሮ ለማን እንዳበራሁ ጠየቀኝ። "ለለይላ፤ በመስታወት ነው የምጠራት" አልኩ። ከኋላ አንዱ "ልጅ በመስታወት ይጠራል እንዴ?" ሲል ሌሎቹ አጉረመረሙ። እውነቴን ተናግሬ እውነቴ ራሱ ውሸት መሰለኝ።

ሼህ ጀብሪል መስታወቱን ተቀበሉኝ። ይኼኔ ነው ለይላ ተከትላን መጥታ መቃብሮቹ መካከል እንደቆመች ያየነው። ጀርባዋን ሰጥታን እያጎነበሰች መሬቱን ታያለች። ሼሁ እንዳልንቀሳቀስ አዘዙኝ፤ ምልክት ሰጠቻት እንዳይባል። ከዚያ በሽማግሌ እጃቸው ፀሐይ ያዙ። ደመና ቢመጣስ? ልጅቷ ባትዞርስ? የኔና የእናታችን ቀሪ ዕድሜ በአንዲት ስባሪ ብርሃን ላይ ተንጠልጥሎ ቆመ። ብርሃኑ እግሯ ሥር ወደቀ። ለይላ ቀጥ አለች፣ ዞረች፣ ከወዴት እንደመጣ ፈልጋ አገኘችና ወደ ሼሁ መራመድ ጀመረች። ከሸንጎው "ሱብሓነላህ" የሚል ድምፅ ወጣ።

ግን እሷ ሼሁ ጋ አልቆመችም። የእናታችንን ዕንባ አየች፣ የተሰበሰበውን ቅሬ አየች፣ ወደኔ መጥታ የሻሿን ጫፍ አገጯ ሥር ያዘች። ከዚያ መቃብሮቹን አንድ በአንድ እየጠቆመች ፊቴን ታየኛለች። ሼህ ጀብሪል ምን እንደምትል ጠየቁኝ። እንዴት ልበላቸው? "እናቴን የቀበራችኋት የትኛው ላይ ነው? ነው የምትለው" አልኳቸው። ልጅቷ ቅሬ ሲሰበሰብ ያየችው ለሞት ብቻ ነው። ስታጎነብስ የነበረው አዲስ አፈር ፍለጋ ነበር።

ዓሪፍ፣ እናቱን ገና በጳጉሜ የቀበረው፣ ፊቱን በሽርጡ ሸፈነ። ሼሁ "እሳት ይጫርላቸው" አሉ። እኔ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ልነሣ ስል "ቁጭ በይ" አሉኝና ስለዚያ ማሽን ጠየቁኝ። ስልኩ ከፍ ካለ ዛፍ ላይ ቢሰቀል እንደሚሠራ ነገርኳቸው። ከግቢያቸው ማንጎ የሚበልጥ ዛፍ መንደሩ ውስጥ የለም። ጁምዓ ከሶላት በኋላ እዚያ ይሰቀል፣ ቅሬውም ከሥሩ ይቀመጥ፣ የሚመጣ ነገር ካለም በሁላችን ላይ ይምጣ ብለው ወሰኑ። ያን ዕለት ማታ በድምፅ ደውዬ "ነገ ከጁምዓ በኋላ ስልክሽን ከፍተሽ ጠብቂ" ያልኩሽ ለዚህ ነው።

ጁምዓ ዕለት ማንጎው ላይ የወጣው ዓሪፍ ራሱ ነው። ስልኩን በፌስታል ጠቅልሎ ጫፉ ላይ አሰረው። ላፕቶፑን የሼሁ ቤት ውስጥ ከፈትኩ። ያለ ገመድ፣ ያለ ሽቦ፣ ዛፍ ላይ ያለውን ስልክ አገኘው! እኔ ግን ደስታው አልገባኝም፤ አንድ ጆሮዬ ሰማይ ላይ ነበር። ስደውልልሽ መጀመሪያ ፊትሽ ተቆራርጦ መጣ፣ ከዚያ ገጠመ። ያንቺን ወገን አንቺ ታውቂዋለሽ። ለይላ አየችሽ፤ አልሳቀችም። ጉንጭሽ ላይ እጇን አደረገች። ከዚያ ዘልላ ተነሥታ ወጥታ ሮጠች። አንቺ ስሟን ስትጠሪ፣ ፊትሽን ስታዞሪ፣ ምስሉ ቆሞ ቀረ። እስከዚህ ነው ያየሽው።

ያላየሽውን ልንገርሽ። ተከትያት ስወጣ ግቢው መሃል ነበረች። የሼህ ጀብሪልን እጅ ይዛ ትጎትታለች። የሻሿን ጫፍ ትይዛለች፣ ወደ ቤቱ ትጠቁማለች፣ ደረቷን በመዳፏ ቶሎ ቶሎ ትመታለች። ይህ "ነፍስ አላት" ማለት ነው። ሼሁ ሲነሡላት ጥላቸው ወደ ዓሪፍ ሄደች፣ ከዓሪፍ ወደ አሚና፣ ከአሚና ወደማታውቃቸው ሰዎች። ሻሿን፣ ቤቱን፣ ደረቷን። ሻሿን፣ ቤቱን፣ ደረቷን። በአጥሩ ሾልካ ወጥታ መንገደኛውን ሁሉ ይዛ ተመለሰች። አሚና ጮኻ አለቀሰች። እኔ ከሰኔ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ማዳመጥ ረሳሁ። ሰዉን አስከትላ ስትገባ ስክሪኑ ጠቁሯል፤ እሷ ግን አላዘነችም። ጥቁሩን ስክሪን እየጠቆመች እዚህ ነበረች ብላ ለሁሉም አስረዳች።

ለቀብርሽ የተሰበሰበ የመሰላትን ቅሬ፣ ቀባሪሽን ነው ሮጣ የበተነችው እታለም። አንቺን ልትሸሽ አይደለም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሥራዋ ይኸው ነው። ብርቱካን ሻጮቹን፣ ባጃጅ ነጂዎቹን፣ የወፍጮ ቤቱን ሰው፣ ለገበያ ከመርሳ የመጣውን ሁሉ እየያዘች ትነግራለች። አንቺን አይተውሽ የማያውቁ ሰዎች ዛሬ በሕይወት መኖርሽን ያውቃሉ። የኔ ፍርሃት እንዳለ ነው። ቅሬው በየጁምዓው ከሶላት በኋላ ብቻ ፈቅዶልናል። ድምፁ ከመጣ ዓሪፍ ቶሎ ያወርደዋልና አንድ ጁምዓ ብንቀርብሽ ክፉ አታስቢ። ይህ ወረቀት እንደደረሰሽ ግን "አታሳዩኝ" ያልሽውን ቃል ትተሽ ስልክሽን ክፈቺ። ደግሞም አትስጊ፣ ከእንግዲህ አትሮጥም፤ ያልነገረችው ሰው አልቀረምና።

እናታችን "ወገቧን በዘይት ትታሸው፣ ከሶላቷም አትጉደል" ይሉሻል፤ ዱዓቸው አይለይሽም። ሼህ ጀብሪል ሰላም ብለውሻል። አሚና ስሟን ስጠራ ታፍራለች፤ ሰላምታዋን በእናታችን በኩል አድርሳለች፣ እሳቱም ወደ ልማዱ ተመልሷል። ዓሪፍ "አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ" ብሏል፤ እኔ ብያለሁ፣ አንቺም በይው። እዚያ ያላችሁ ያገር ልጆች ሁሉ በያላችሁበት ሰላም ሁኑ። ለይላ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ ወረቀቱ ለማን እንደሆነ ጠይቃኝ፣ ላንቺ መሆኑን ስነግራት ከላዩ ላይ መዳፏን አሳርፋበታለች፤ እጇ ማንጎ ስለነካ ጥጉ ላይ ያለው እድፍ የእሷ ነው።

ታናሽ እህትሽ ኢሕሳን
ግራና፣ ሐብሩ
ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.